ማውዘር፣ ኤንፊልድ፣ ሞሲን ወይስ ካርካኖ? የዓለም ጦርነት ጠመንጃዎችን ለሚያወዳድር

ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ፦ በአገራችን ጠመንጃ ሲወደስ የኖረው በስሙ ነው። ውጅግራ ከፈረንሳዩ "ፉዚ ግራ"፣ ምንሽር ከኦስትሪያው "ማንሊኸር"፣ ቤልጅግ ደግሞ ከተሠራበት አገር የወጣ ስም ነው። ሙግቱ ዛሬም በስም ተጀምሮ በስም ያልቃል፤ "ማውዘርን የሚስተካከል የለም" ይባልና ይዘጋል። ነገር ግን አንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት የሠራቸው ሁለት ማውዘሮች እንኳ ዛሬ እኩል አይደሉም። ሰማንያና መቶ ዓመት የኖረ መሣሪያ የሚመዘነው በሚጎርሰው ጥይት፣ በመቀርቀሪያው አሠራርና በበርሜሉ ጤንነት ነው። ስም ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

እዚህ የምናወዳድረው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች እግረኛ ወታደር የታጠቃቸውን፣ አንድ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር መቀርቀሪያቸው በእጅ ተስቦ የሚቀባበሉትን ጠመንጃዎች ነው። የሥሪት ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ባለቤትነቱ በየአገሩ ሕግ ይለያያል። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይተዳደራል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ደግሞ ዋናው የብረት አካሉ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራን ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ያየዋል፤ ሆኖም የየክፍለ ግዛቱን ሕግ ለብቻው ማጣራት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ጥይቱ

የዚያ ዘመን ጥይት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቀለሁ ቂጥ ከአካሉ ወጣ ያለ ከንፈር አለው፤ የእንግሊዙ 303 እና የሩሲያው 7.62 በ54 እንዲህ ናቸው (ቁጥሮቹ የጥይቱ መጠሪያ ናቸው)። ሌላው ከንፈር የለውም፤ ቂጡ ከአካሉ ጋር እኩል ሆኖ ዙሪያውን ቦይ ተቆርጦለታል። የጀርመኑ 7.92 በ57፣ የአሜሪካው 30-06፣ የጣሊያኑ 6.5 በ52 ከዚህ ወገን ናቸው። ልዩነቱ ካዝናው ውስጥ ይታያል። ከንፈር ያለው ጥይት ሲደረደር የላይኛው ከንፈር ከታችኛው ከንፈር በስተኋላ ከዋለ፣ መቀርቀሪያው ላይኛውን ሲገፋ ታችኛውን ይዞ ይመጣና ጠመንጃው ይነክሳል። ስለዚህ የእንግሊዙ ኤንፊልድ ሲጎርስ የላይኛው ከንፈር ሁልጊዜ ከታችኛው ፊት መሆን አለበት። የእንግሊዝ ጦር አምስቱን ጥይት በክሊፕ (ጥይቶችን አንድ ላይ በሚይዝ የብረት ማሰሪያ) ላይ አንድ ዝቅ አንድ ከፍ፣ አንድ ዝቅ አንድ ከፍ፣ አንድ ዝቅ እያደረገ ይሰካ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክሊፑ በየትኛውም ጎኑ ቢዞር ያጎርሳል።

ዛሬ ጥይት ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። 30-06 አሜሪካ ውስጥ የአዳኝ ሁሉ ጥይት ነው፣ የትም ይገኛል። የሩሲያው 7.62 በ54 ደግሞ ፒኬኤም መትረየስና ድራጉኖቭ የተባለው የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ አሁንም የሚጎርሱት ስለሆነ ምርቱ ተቋርጦ አያውቅም፤ ከ1891 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ጥይት ነው። 7.92 እና 303 ትንሽ ይወደዳሉ እንጂ አሉ። የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5 እና የጃፓኑ 7.7 ግን የሚሠራቸው ጥቂት ነው። ጠመንጃው በርካሽ ተገኝቶ የጥይቱ ዋጋ ሲያስለቅስ የሚኖረው በእነዚህ ነው።

አንድ ወጥመድ እዚህ ላይ ይነገር። የጀርመኑ 7.92 በመጀመሪያ አረሩ 8.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፤ ሾጣጣው አዲሱ አረር ሲመጣ ወደ 8.22 ገደማ ወፈረ። ቀለሁ ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፣ ሁለቱም ይጎርሳሉ። በአሮጌው ጠባብ በርሜል ውስጥ ወፍራሙን መተኮስ ግን የጋዙን ግፊት እጅግ ከፍ ያደርጋል። በ1888 ሞዴል የጀርመን ጠመንጃ ላይ በርሜሉ ሳይለካ ዘመናዊ ጥይት አይጎረስም። የእርሳስ ጥይት በበርሜሉ ውስጥ በእንጨት ዘንግ ቀስ ብሎ ተገፍቶ ካለፈ በኋላ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ቢለካ መልሱ ይገኛል።

ማውዘር

ጀርመን ጌቬር 98 የተባለውን ማውዘር የተቀበለችው በ1898 ነው፤ ቁመቱ 1250 ሚሊ ሜትር፣ በርሜሉ 740። በ1935 የመጣው ካር98ካ በርሜሉ ወደ 600፣ ቁመቱ ወደ 1110 ሚሊ ሜትር አጠረ፣ ክብደቱ አራት ኪሎ አይሞላም። ሁለቱም አምስት ጎራሽ ናቸው።

የማውዘር ዋጋ ያለው መቀርቀሪያው ላይ ነው። ከፊት ሁለት መቆለፊያ ጆሮዎች አሉ፣ ከኋላ ደግሞ ሦስተኛ ለመጠባበቂያ። ቀለህ ቢፈነዳ ጋዙ በመቀርቀሪያው ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ወጥቶ ከተኳሹ ይርቃል፤ በኋላ ያለው ሰፊ ጋሻም የተኳሹን ዓይን ይከልላል። በጎኑ የተጋደመው ረጅም ጥፍር ጥይቱን ገና ከካዝናው ሲወጣ ይጨብጠውና ተተኩሶ እስኪወረወር አይለቀውም። ጠመንጃው ተዘቅዝቆም ቢቀባበል ጥይቱ አይወድቅም። ዛሬ አደገኛ አውሬ የሚያድኑ ሰዎች የዚህን አሠራር ቅጂ አጥብቀው የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ያው ጥፍር ግን ድክመትም አለው። ጥይቱን ከታች ተቀብሎ እንዲጨብጥ ስለተሠራ፣ አንድ ጥይት በጣት የጥይት ቤቱ ውስጥ ከትቶ መቀርቀሪያውን በላዩ መዝጋት ጥፍሩን ይሸርፋል። አንድ ጥይትም ቢሆን በካዝናው በኩል ነው የሚጎርሰው። ካዝናው ባዶ ሲሆን ደግሞ ጥይት ገፊው ሰሌዳ መቀርቀሪያውን ያግደዋል፤ "ተበላሸ" ብሎ በኃይል የሚገፋ አለ፤ አልተበላሸም፣ ጥይት አልቋል ማለቱ ነው።

ሴፍቲው ሦስት ቦታ አለው። ወደ ግራ ሲተኛ ይተኩሳል፤ ቀጥ ሲል አይተኩስም ግን መቀርቀሪያው ይሳባል፤ ወደ ቀኝ ሲተኛ ሁሉም ይቆለፋል። መቀርቀሪያውን ለመፍታት መሀለኛው ቦታ ላይ አድርጎ መጀመር ያስፈልጋል።

የማውዘር ደካማ ጎን ፍጥነቱ ነው። እጀታው 90 ዲግሪ ይነሳል፣ ሞላውም የሚወጠረው በዚያው በማንሳት ላይ ስለሆነ ጉልበት ይጠይቃል፤ አብዛኛው ተኳሽ ጉንጩን ከሰደፉ ሳያነሳ ማቀባበል አይችልም። የጌቬር 98 ማነጣጠሪያም ከ400 ሜትር በታች አይወርድም፣ በ100 ሜትር ላይ አረሩ ከኢላማው በላይ ያልፋል። ይህን ሳያውቁ "በርሜሉ ተጣመመ" ብለው ርካሽ የሸጡት ሞልቷል።

ቤልጅግ የምንለው ይኸው ማውዘር ነው፤ ሊዬዥ አጠገብ ኸርስታል ባለው ኤፍኤን ፋብሪካ የተሠራ። ከ1935ቱ ወረራ በፊት ኢትዮጵያ ከገዛቻቸው መሣሪያዎች አንዱ ነበር፤ የክብር ዘበኛንም ያሠለጠኑት የቤልጅግ መኮንኖች ነበሩ። የይሁዳ አንበሳ የተመታበት ማውዘር ለሰብሳቢ ከሌላው ይበልጥ ይፈለጋል፤ ግን ምልክቱ በኋላ የተቀረጸ አለመሆኑን ማጣራት ነው። በፋብሪካ የተመታ ምልክት ከብረቱ ጥቁረት በፊት የገባ ስለሆነ ጠርዙ እንደ ሌላው አካል ያረጀ ነው። ከጥቁረቱ በኋላ የተቀረጸ ውስጡ ያብለጨልጫል።

ኤንፊልድ

ለመዋጋት ብቻ ቢሆን ምርጫችን እንግሊዙ ነው፤ ማውዘር ወዳዶች ይቅር ይበሉን። የ1907ቱ አጭር ኤንፊልድም ሆነ በሁለተኛው ጦርነት የተተካው ቁጥር 4 አስር ጎራሽ ነው፣ የማውዘርን እጥፍ። እጀታው 60 ዲግሪ ብቻ ይነሳል፣ የሚሳብበት ርቀት አጭር ነው፣ ሞላውም የሚወጠረው ሲዘጋ ስለሆነ ማንሳቱ ይቀላል። የእንግሊዝ እግረኛ ከመጀመሪያው ጦርነት በፊት በ300 ያርድ ርቀት ላይ በአንድ ደቂቃ 15 ጥይት አነጣጥሮ መተኮስ ይጠበቅበት ነበር፣ በየመሀሉ በክሊፕ እያጎረሰ። ቁጥር 4 ደግሞ ከኋላ በቀዳዳ የሚታይ ማነጣጠሪያ አለው፤ ለደከመ ዓይን የ"ቪ" ቅርጽ ካለው ማነጣጠሪያ ይሻላል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ መቆለፊያ ጆሮዎቹ ከኋላ መሆናቸው ነው። ሲተኮስ የብረት አካሉ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ቀለሁም አብሮ ይለጠጣል። ቀለህ እየሰበሰበ ዳግም የሚሞላ ሰው ከቂጡ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካየ ቀለሁ ሊቆረጥ ነው። ጫፏ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ በቀለሁ ውስጥ ገብታ ግድግዳውን ስትዳስስ ቦይ ከነካች ያ ቀለህ ይጣል። ዘይት ወይም ውሃ የነካው ጥይት መተኮስም መቀርቀሪያው ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጨምራል፤ የጥይት ቤቱ ሁልጊዜ ደርቆ መጠረግ አለበት።

መቀርቀሪያው ጫፍ ላይ የሚፈታ ጭንቅላት አለ። በቁጥር 4 ላይ ጭንቅላቶቹ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ተመትቶባቸዋል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ርዝመቱ ይጨምራል፣ ሄድስፔሱን፣ ማለትም መቀርቀሪያው ተዘግቶ በግንባሩና በጥይቱ መቀመጫ መካከል የሚቀረውን ክፍተት፣ ለማጥበብ ነው። ቁጥር 3 የተገጠመለት ኤንፊልድ ሲገኝ "ይህ ብዙ ሠርቷል" ማለት ይቻላል፣ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። አሜሪካና ካናዳ የሠሩት ቁጥር 4 ማርክ 1 ኮከብ ላይ ግን ጭንቅላቱ የሚወጣበት ቦታ በሐዲዱ ላይ የተቆረጠ ጥርብ ነው። የዚያ ጥርብ ጠርዝ ከተሸረፈ መቀርቀሪያው ሲሳብ ጭንቅላቱ ከሐዲዱ ዘሎ ይወጣል። ሲገዙ ያቺን ቦታ በጣት መዳሰስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በአጭሩ ኤንፊልድ ላይ የፊቱ እንጨት ሳይወርድ የሰደፉን ብሎን አይፍቱ። የብሎኑ አራት ማዕዘን ጫፍ ከፊተኛው እንጨት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሲዞር እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ኢላማ መምታቱም በዚያ እንጨት ላይ ነው የቆመው፤ በቁጥር 4 ላይ እንጨቱ በርሜሉን ከአፈሙዙ አጠገብ ከ1 እስከ 3 ኪሎ በሚሆን ኃይል ወደ ላይ መግፋት አለበት። እንጨት ከሌላ ጠመንጃ አምጥቶ መቀየር ይህን ያበላሻል።

ሞሲን

የሩሲያው ሞሲን ናጋንት በ1891 ተጀመረ፣ በ1930 ታደሰ፤ ቁመቱ 1232 ሚሊ ሜትር፣ አምስት ጎራሽ። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሸካራ ነው። በ2010 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ከ100 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር፤ ያ ዘመን አልፏል፣ ዛሬ ብዙ እጥፍ ነው። በዛሬው ዋጋ ከኤንፊልድ ጋር ሲቀርብ ሞሲንን ለመምረጥ የጥይቱ መገኘት ብቻ ነው በቂ ምክንያት።

ዋናው እሮሮ "መቀርቀሪያው ተጣብቆ በመዶሻ ነው የሚከፈተው" የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጠመንጃው አይደለም። ለአሥርተ ዓመታት በመጋዘን ሲቀመጥ የተቀባው ወፍራም ቅባት በጥይት ቤቱ ግድግዳ ላይ ደርቆ ይቀራል፤ ጥቂት ጥይት ተተኩሶ ሲግል ይቀልጥና ቀለሁን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። መፍትሔው የጥይት ቤቱን በሚመጥን የነሐስ ብሩሽና በቅባት አሟሚ፣ ብሩሹን በመሰርሰሪያ እያዞሩ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ማጽዳት ነው። የእውነት ጥፋቱ ሴፍቲው ነው፤ የኋላውን እንብርት በሁለት ጣት ወደ ኋላ ስቦ ወደ ግራ ማጠፍ ይጠይቃል። በብርድ ጓንት ለለበሰ ሰው የማይሞከር ነው፣ ወታደሩም ብዙውን ጊዜ ይተወው ነበር።

የ1930ው ሞዴል፣ 91/30፣ ማነጣጠሪያው የተስተካከለው ሳንጃው ተሰክቶ ነው። ሳንጃው ሲወልቅ አረሩ የሚያርፍበት ወደ ጎን ይሸሻል። በርሜሉን ከመውቀስ በፊት የፊቱን ማነጣጠሪያ በትንሽ በትንሹ ወደ ጎን መግፋት ይበቃል።

ለሞሲን ብቻ ያለ ጥሩ ነገር ከጠመንጃው ጋር የሚመጣው መፍቻ ነው። በጎኑ 75 እና 95 ቁጥር የተጻፈባቸው ጥርቦች አሉት። መቀርቀሪያው ከተገጠመ በኋላ የመምቻው መርፌ ጫፍ 75ኛውን ጥርብ መንካት፣ 95ኛውን ግን አለመንካት አለበት፤ ይህ ከ1.9 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አጥሮ ከሆነ ጥይት ይከሽፋል፣ ረዝሞ ከሆነ ካፕሱሉን (በቀለሁ ቂጥ ያለውን ማቀጣጠያ) ይበሳና ጋዝ ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ያለ ጌጅ (ያለ ልዩ መለኪያ) ይህን የሚፈቅድ ሌላ የጦር ጠመንጃ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

አሜሪካኖቹ

ስፕሪንግፊልድ 1903 የማውዘር ልጅ ነው፤ አሜሪካ ለማውዘር የፈጠራ ክፍያ ከፍላለች። ሥራው ያማረ ነው፣ ኢላማም ይመታል። የሚፈራው የመለያ ቁጥሩ ዝቅተኛ የሆነው ነው። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ የተሠራው ከ800,000 በታች፣ በሮክ አይላንድ ፋብሪካ የተሠራው ከ285,507 በታች ከሆነ፣ ብረቱ የተጋለው ሠራተኛው የእሳቱን ቀለም በዓይኑ እያየ ነበርና አንዳንዱ ከመጠን በላይ ግሎ ተሰባሪ ሆኗል። ከውጭ አይለይም። እንዲህ ያለው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ አይተኮስበት።

ኤም1917 ይበልጥ ከባድና ግዙፍ ነው፣ ግን ስድስት ጎራሽ ነው፣ የቀዳዳ ማነጣጠሪያ አለው፣ በመጀመሪያው ጦርነት ፈረንሳይ ከዘመተው የአሜሪካ ጦር አብዛኛው የያዘው እሱን ነበር። ዋጋው ከስፕሪንግፊልድ ዝቅ ይላል፤ ለመተኮስ ለሚገዛ ሰው ይህ የተሻለ ግዢ ነው። በኤዲስቶን ፋብሪካ የተሠራው በርሜሉ ከመጠን በላይ ጠብቆ የተጠመዘዘ ስለሆነ፣ በርሜል ሲቀየርለት አካሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተቀየረ በርሜል ካለው የፊተኛውን ቀለበት በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ።

ካርካኖ

ካርካኖን ማንቋሸሽ ልማድ ሆኗል። በእኛ አገር ደግሞ የጠላት ጠመንጃ ነው፣ ተማርኮም በአርበኛ ትከሻ ላይ ውሏል። መቀርቀሪያው ግን ጠንካራ ነው፣ ጥይቱም ለስላሳ ረጋጭ ነው። ስሙን ያጠፋው በአብዛኛው አረሩ ነው። የካርካኖ በርሜል ሰፊ በመሆኑ 6.8 ሚሊ ሜትር ገደማ አረር ይፈልጋል፣ ገበያ ላይ ያለው "6.5" ግን 6.7 ገደማ ነው። ቀጭኑ አረር በበርሜሉ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ቦይ በደንብ ሳይነክስ ይወጣና ይበተናል። ትክክለኛው አረር ሲጎርስ ጠመንጃው ሌላ ይሆናል። ከረጅሙ ተቆርጦ የተሠራው 91/24 ካርባይን (አጭር ጠመንጃ) ግን በዚህም አይድንም፤ የካርካኖ ቦይ ጠመዝማዛው ወደ አፈሙዙ እየጠበቀ የሚሄድ ስለነበረ የተቆረጠው ክፍል ዋናው ነበር።

ስድስቱ ጥይቶች ከነክሊፓቸው ወደ ካዝናው ይገባሉ፣ የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ ክሊፑ ከታች ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። ክሊፕ ከሌለ ካዝናው አይሠራም፣ ጠመንጃው አንድ በአንድ ብቻ ይጎርሳል። ያው ቀዳዳ ጭቃ ያስገባል። ስለዚህ ካርካኖ ሲገዛ ዋጋው ከአራትና አምስት ክሊፕ ጋር ይደራደር።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ወጥተው አሜሪካ ውስጥ ከተሸጡት አሮጌ ጠመንጃዎች መካከል ካርካኖ ብዙ ነው። ታሪኩ ለኛ ሰው ውድ ነው፣ በርሜላቸው ግን ብዙውን ጊዜ ዝገት የበላው፣ እንጨታቸውም በቆርቆሮና በምስማር የተጠጋገነ ነው። እንዲህ ያለው ጥገና መነቀል የለበትም፤ የዕቃው ታሪክ እሱ ነው።

የቀሩት

የጃፓኑ ዓይነት 99 አካሉ ከሁሉም ጠንካራ፣ የበርሜሉ ውስጥ በክሮም የተለበጠ ነው። በጦርነቱ ማብቂያ የተሠሩት ሸካሮች ናቸው። ለሥልጠና ብቻ የተሠሩ፣ በርሜላቸው ቦይ የሌለው ደግሞ አሉ፤ እነሱ ጨርሶ አይተኮሱም። የፈረንሳዩ ሌቤል ስምንት ጥይት በበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ይይዛል፣ ግን የሚጎርሰው አንድ በአንድ ስለሆነ በጦር ሜዳ ዘገምተኛ ነበር። እጀታቸው ሳይነሳ ቀጥ ብሎ የሚሳበው፣ የኦስትሪያው ኤም95 ምንሽርና የካናዳው ሮስ፣ ንጹሕ ሲሆኑ ከሁሉም ይፈጥናሉ፤ የተጣበቀ ቀለህ ለማላቀቅ ግን የመጠምዘዝ ጉልበት የላቸውም። የካናዳ ወታደሮች በ1915 ቤልጅግ ውስጥ ኢፕር ላይ ሮሳቸውን ጥለው የእንግሊዝ ኤንፊልድ ያነሱት በዚህ ነው። የሮስ መቀርቀሪያ ተሳስቶ ሊገጠምም ይችላል፤ ያኔ ሳይቆለፍ ይተኩስና ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። አይተኮስበት።

ከመክፈል በፊት

መጀመሪያ መቀርቀሪያው ይከፈት፣ የጥይት ቤቱና ካዝናው በጣት ይዳሰስ። ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ በበርሜሉ ይለፍና ወደ ብርሃን ይታይ፤ ቦዩ ጠርዙ ስለታም ከሆነ ጥቁረቱ አያስፈራም፣ ክብ ከሆነ ግን ቢያብረቀርቅም አልቋል። ባሩድ የሌለው ባዶ ጥይት በአፈሙዙ በኩል ሲገባ አረሩ እስከ ቀለሁ አፍ ከተዋጠ አፈሙዙ በጽዳት ዘንግ ተበልቷል።

በአካሉና በመቀርቀሪያው ላይ ያለው ቁጥር ይነጻጸር። ካልገጠመ መቀርቀሪያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነውና ሄድስፔሱ ሳይለካ አይተኮስም። አለካኩ ይህ ነው፦ ጥፍሩና የመምቻው መርፌ ይውለቅ፣ "ጎ" የሚባለው ጌጅ ገብቶ መቀርቀሪያው በሁለት ጣት ይዘጋ፤ መዘጋት አለበት። "ኖ ጎ" ሲገባ መዘጋት የለበትም። በ303 ላይ የሚለካው የከንፈሩ ቦታ ስለሆነ ልኩ 1.63 ሚሊ ሜትር ለ"ጎ"፣ በሜዳ የሚፈቀደው ወሰን ደግሞ 1.88 ነው። በጉልበት መዝጋት ጌጁንም ጠመንጃውንም ያበላሻል።

የድሮ የጦር ጥይት ከሆነ የሚተኮሰው፣ የካፕሱሉ ጨው በርሜል ውስጥ ይቀራል። ጨው በዘይት አይሟሟም፣ በውሃ ነው። በዚያው ቀን ከጥይት ቤቱ በኩል አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ይፍሰስበት፣ በሦስት አራት ጨርቅ ይድረቅ፣ ዘይት ይቀባ። የመቀርቀሪያው ግንባርም ይታጠብ። በማግስቱ ጨርቅ ሲገባ ቡናማ ካመጣ ውሃው ይደገም።